አንዱን ብቻ ምረጡ

የማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ፣ ተራ ቁጥር ሰባት፣
«ቴአትሩ ለማን ነው? ለልጆች? ለአዛውንት?
አንዱን ብቻ ምረጡ» ይላል በደማቁ።
በሁለቱ ሳጥን መሃል፣ በነጩ ክፍተት፣
ምልክቴን አኖርኩ፤ ከዚያ ወዲያ እነሱ ይወቁ።

በፖላንዶች አፍ «ዉጅ» ማለት ጀልባ ነው በቋንቋ፤
ከተማችን ግን ወንዟን ከአስፋልት ሥር ቀብራ፣
ባሕር ሳታይ ኖረች፣ በገዛ ስሟ ተሳልቃ፣
የጥጥ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንደ ሸራ ምሰሶ ገትራ።

መድረካችን ያኔ ሽመና ቤቱ ነበር፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣
አሳንሰሩ ተሰብሮ ኦቲሊያ ታች ቀርታ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሽቅብ እስክታይ።
«ግድ የለም፣ ከዚህም ይሰማኛል» አለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ግድ የለም ማለትን በዚህ ዕድሜ መልመድ ምን የሚሉት ነው?
ሁላችን ጫማችንን ስናይ፣
የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ክሳቬሪ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቅሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣
ደረጃውን ወረደ፣ በየእርከኑ አርፎ፣ በየእርከኑ ረግሞ።
ተከተልነው፤ አንዱ ወንበር፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ የካርቶን ፈረስ ይዞ፤
መድረኩ ወደ እሷ ወረደ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ተጉዞ።

አሁን ያለነው ምድር ቤት ነው፣ ጥጥ ይከመርበት በነበረ።
ይበርዳል። ከጣሪያው ብናኝ ይወርዳል፣ ስንት ክረምት ያደረ።
ንጉሣችን አዋጅ ባወጀ ቁጥር ያስነጥሰዋል፤
አሽከሩ «ይማርዎ» ይለዋል፤
ይኸም ከድርሰቱ ገብቷል።

ጌኖቬፋ ሠላሳ አንድ ዓመት እላይ ፎቅ ላይ ሸምና፣
ጆሮዋን ለመኪናው ገብራ ወጣች፣ የቀረው አካሏ በጤና።
ያ ሁሉ ጩኸት ግን የሴቶቹን ወሬ መች አቆመ?
በከንፈር ብቻ፣ ድምፅ ሳይወጣ፣ ከረድፍ ረድፍ ሐሜት ከረመ፤
የማን ባል እንደጠጣ፣ ማን እንዳረገዘች፣ አለቃው በየት እንደዞረ።
መኪናዎቹ ተሸጡ፤ ሙያው ከንፈሯ ላይ ቀረ።

ካዬታን ሲመጣ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አይሰማም።
እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «ካስቸገረ እወስደዋለሁ፤ አልቀየምም።»
ጌኖቬፋ ጎንበስ አለች፣ ያለ ድምፅ አንድ ነገር አለችው።
ልጁ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ምን እንዳለችው
ሁለቱም አልነገሩኝም።

የመክፈቻው ምሽት። ንጉሡ በዙፋኑ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣
ክሳቬሪ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ የለም፣ ከነሥሩ ተነቅሎ።
ሊያስነጥስ መስሎን ጠበቅን።
አላስነጠሰም።
አስታዋሻችን ጌኖቬፋ ናት፤ ከመጋረጃው ጥግ፣ በሹክሹክታ ፈንታ፣
ከንፈሯን ታላውሳለች፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ምን ሊረባ፣ ያውም በማታ!

ካዬታን አየ። የካርቶኑ ፈረስ የኋላ እግር እሱ ነበር፤
(የፊቱ ኦቲሊያ ናት፣ መንኮራኩሯ በቡኒ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚሽከረከር።)
ፈረሱን ለሁለት ገምሶ ወጣ፣
ከንጉሡ ጉልበት ሥር ቆመና ከከንፈሯ የለቀመውን በእጁ አወጣ፦
በር። ብርድ። ሰው። ግቡ።
ሽማግሌው ጣቶቹን ተከተለ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፦
«በሩ ይከፈት፤ ብርድ ነው፤ ግቡ፣ ሰው አይደር በደጅ!»

ድርሰቱ «በሮቹ ይዘጉ፣ የመጣው ሁሉ ይመለስ» ነበር የሚለው።
ከንፈሯ ይሁን፣ እጁ ይሁን፣ ያ የደከመ ዓይን፣
እስከ ዛሬ አልታወቀም ማን እንደለወጠው።
ሁለተኛው ገቢር ምክንያት አጣ፤ ጦርነቱ ቀረ፤
አንድ ሰዓት ተኩል የለፋንበት በሃያ ደቂቃ ተቋጨ፣ አማረ አላማረ።
ብቻ የግቢው ጥበቃ ፋውስቲን፣ ከውጭ ሲያጨስ ሰምቶ፣
ለሱ የተባለ መስሎት ገባ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በረዶውን አራግፎ፣ አፍሮ፣ ተግቶ፣
ከፈረሱ ጎን ቆመ።

ዛሬ ቅጹ ተመለሰ፦ «ምልክቱ ከሳጥን ውጭ ነው፤ ይታረም፤ በድጋሚ ይሞላ።»
ነገ ማክሰኞ ነው። ማሞቂያው አይሠራም። ወንበር መደርደር አለ፤ አለ ሌላም ሌላ።
ፋውስቲን ከእንግዲህ እመጣለሁ ብሏል፤ ሚና ስጪኝ ነው የሚለው።
«ዘበኛ ሁን» ብለው ተቀየመ።
ፈረስ መሆን ነው የሚፈልገው።